ሲሶውን ለደኑ የተዉት ኩዌከሮች

«ኩዌከር» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአጃው ቆርቆሮ ነው። ባርኔጣ ያደረገው ባለ ነጭ ጸጉሩ ሰውዬ። ያ የንግድ ምልክት ነው። የአጃ ነጋዴዎች በ1877 ስሙን ለምልክትነት ያስመዘገቡት ኩዌከሮች በሐቀኝነታቸው የታወቁ ስለነበሩ ነው። ድርጅቱ ከሃይማኖቱ ጋር ዝምድና የለውም።

እዚህ የምናወራው ስለ እውነተኞቹ ኩዌከሮች ነው። ከእነሱም መካከል ኮስታ ሪካ ውስጥ፣ ሞንቴቬርዴ በምትባል ተራራማ ቦታ ስለሰፈሩ ጥቂት ቤተሰቦች። ሞንቴቬርዴ ዛሬ በዓለም የታወቀ የደን ጥበቃ ቦታ ናት። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚሰማው «ተፈጥሮ ወዳዶች መጥተው ደን አዳኑ» ተብሎ ነው። እንዲያ አይደለም። ሲመጡ ገበሬዎች ነበሩ፣ ዛፍም ቆርጠዋል። ለእኔ ታሪኩን ደጋግሜ እንዳስብበት ያደረገኝም ይኸው ነው።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ኩዌከሮች እነማን ናቸው?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ የተነሱ ክርስቲያኖች ናቸው። ቀዳሚው ሰባኪያቸው ጆርጅ ፎክስ ይባላል። እርስ በርሳቸው «ወዳጆች» ነው የሚባባሉት። የማኅበራቸውም ስም የወዳጆች የሃይማኖት ማኅበር ነው። «ኩዌከር» ትርጉሙ ተንቀጥቃጭ ሲሆን መጀመሪያ ስድብ ነበር። በ1650 ፎክስ ዳኛ ፊት ቀርቦ «በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጡ» ሲል ዳኛው «ተንቀጥቃጮች» ብሎ አፌዘባቸው። ስሙ በዚያው ጸና።

የእምነታቸው ምሰሶ አንድ ሐሳብ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር አለ ይላሉ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ሰው ሁሉ በውስጡ ብርሃን ካለው፣ እግዚአብሔርን ለመስማት የግድ ካህን በመካከል መቆም የለበትም። ሰው ሁሉ ብርሃን ካለው፣ ሰውን መግደል ያንን ብርሃን ማጥፋት ነው። ስለዚህ ጦርነት አይሄዱም።

አንድ ቃል እዚህ ላይ ማወቅ ይጠቅማል፦ ምስክርነት። ለኩዌከር ምስክርነት በአፍ የሚነገር አይደለም፤ በኑሮ የሚታይ ነው። ሰላም፣ ቀላል ኑሮ፣ እውነተኝነት፣ እኩልነት ይጠቀሳሉ። በቅርብ አሥርተ ዓመታት ደግሞ ምድርን መጠበቅ ከእነዚህ ጋር አብሮ ይቆጠራል።

ለሰላም በሠሩት ሥራ የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩዌከር የእርዳታ ድርጅቶች በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አገራችንንም ረግጠዋል። ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1940ዎቹ፣ ጠመንጃ አንይዝም ያሉ ወጣት እንግሊዛውያን የኩዌከሮች አምቡላንስ ክፍል በሚባል ቡድን ሥር ኢትዮጵያ መጥተው በሕክምና ሥራ አገልግለዋል።

የአላባማ ገበሬዎችን ተራራ ላይ ምን አወጣቸው?

በ1948 አሜሪካ በሰላም ጊዜም ወጣቶች ለውትድርና እንዲመዘገቡ የሚያዝ ሕግ አወጣች። አላባማ ውስጥ ፌርሆፕ በምትባል ከተማ አካባቢ የሚኖሩ አራት ኩዌከር ወጣቶች አንመዘገብም አሉ። ሕጉ በሃይማኖት ምክንያት መዋጋት ለማይፈልግ ሰው ቀዳዳ ነበረው። ተመዝግቦ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ ከጦር ሜዳ መቅረት ይቻላል። እነሱ ግን መመዝገቡ ራሱ የጦርነቱ ማሽን አካል መሆን ነው ብለው አመኑ። በ1949 የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደባቸው። አራት ወር ያህል ታስረው በአመክሮ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቦቹ መከሩ። ግብራችን ለጦር መሣሪያ በሚውልበት አገር እስከ መቼ እንኖራለን? ኮስታ ሪካ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። በታኅሣሥ 1948 ሠራዊቷን በትናለች፤ በ1949ኙ ሕገ መንግሥቷ ደግሞ ቋሚ ጦር እንዳይኖራት ደንግጋለች። መሬቷም ለእርሻ የሚመች ነው።

በ1950 እና በ1951 አርባ ገደማ የሚሆኑ ሰዎች፣ ሕፃናትም ሽማግሌዎችም፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ገሚሶቹ በአውሮፕላን። ገሚሶቹ በመኪና፣ መንገዱ ገና ባልተሠራበት ቦታ እየጠረጉ፣ ወራት ፈጅቶባቸው። በ1951 ወደ 1,400 ሄክታር መሬት ገዙና ስሙን ሞንቴቬርዴ አሉት። አረንጓዴ ተራራ ማለት ነው።

ቦታው ባዶ አልነበረም። የኮስታ ሪካ ገበሬዎች ቀድመው ሰፍረውበታል። ከተሸጠውም መሬት ከፊሉ የእነሱ ይዞታ ነበር። ይህ በብዙ ትረካ ውስጥ ስለሚዘለል ነው ማንሳቴ።

በዝምታው ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

የሞንቴቬርዴ ኩዌከሮች ጸሎት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው እንግዳ ነው። መቅደስ የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ መዘምራን የሉም። ወንበሮች አሉ። ሰዎች ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ለአንድ ሰዓት ያህል።

ዝምታው እንቅልፍም አይደለም፣ የየግል ሐሳብ መቁጠሪያም አይደለም። አብሮ መጠበቅ ነው። ሬዲዮ በሚንጫጫበት ቤት ውስጥ በር ሲንኳኳ አይሰማም፤ ሬዲዮውን ስታጠፉት ይሰማል። ለኩዌከሮች ዝምታው ሬዲዮውን ማጥፋት ነው። አንድ ሰው በውስጡ የሚገፋው ቃል ካገኘ ይነሳል፣ በአጭሩ ይናገራል፣ ይቀመጣል። ማንም አይመልስለትም፣ ማንም አይከራከረውም። ዝምታው ይቀጥላል። አንዳንዴ ማንም ሳይናገር ሰዓቱ ያልቃል። ሲያበቃ አጠገብ ለአጠገብ ይጨባበጣሉ። በ1951 የተከፈተው ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎችም በሳምንቱ አጋማሽ ከአዋቂዎቹ ጋር እንዲህ ይቀመጣሉ።

ኩዌከር ሁሉ ግን እንዲህ ያመልካል ማለት አይደለም። በቁጥር ከየትኛውም አገር ብዙ ኩዌከሮች ያሉት ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው፤ እዚያ በአብዛኛው ፓስተር አለ፣ ስብከት አለ፣ መዝሙርም ይደምቃል።

ድምፅ ሳይሰጡ እንዴት ይወስናሉ?

ስለ ደኑ ለመረዳት ይህን ክፍል ማለፍ አይቻልም። ኩዌከሮች የመንደራቸውን ጉዳይ የሚወስኑት በዚያው በጸሎቱ መንፈስ ነው። ስብሰባው በዝምታ ይከፈታል። ሰብሳቢም ጸሐፊም የሆነ አንድ ሰው አለ። ሥራው ማዘዝ አይደለም፤ ጉባኤው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ማዳመጥ ነው።

ድምፅ አይሰጥም። በእድር ስብሰባ «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» እንደሚባለው አይደለም። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ሠላሳ ሰው አሥር ሰው ካሸነፈ፣ አሥሩ ተሸናፊ ሆነው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ምናልባት ደግሞ እውነቱ የነበረው ከእነሱ ጋር ነው። ይልቁንም ለእኛ ቅርቡ ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ቆጥሮ አይፈርድም። ሁሉም የሚቀመጥበትን ነገር እስኪያገኝ ይመላለሳል።

ሰብሳቢው መስማማት የደረሰ ሲመስለው ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጽፎ ያነባል። «ይህ ነው ያልነው?» ይጠይቃል። አንድ ሰው ከልቡ ካልተቀበለው ነገሩ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ባያምንበትም መንገድ መዝጋት ያልፈለገ ሰው «እኔ አልተዋጠልኝም፣ ግን አላቆማችሁም» ማለት ይችላል። ያ ይመዘገባል።

አሠራሩ ያዘግማል። ወራት የሚወስድ ጉዳይ አለ። ጥቅሙ የሚታየው በኋላ ነው። አንዴ የተወሰነ ነገር ጠላት የለውም። በሚቀጥለው ስብሰባ ለማፍረስ የሚያደባ ወገን አይኖርም። ደን ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ሐሳቡን በሚለዋውጥ ጉባኤ እጅ አይድንም።

ሲሶውን ለምን ተዉት?

በእኛ የድሮ የመሬት ሥርዓት «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይባል ነበር። ኩዌከሮቹ መሬቱን ለየቤተሰቡ ሲያከፋፍሉ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን፣ 554 ሄክታር ያህል፣ ለማንም አልሰጡም። ከተራራው ጫፍ አካባቢ ያለው ደን ነው። አይታረስም፣ አይቆረጥም ተባባሉ።

ምክንያቱ ውኃ ነበር። የጓሲማል ወንዝ ምንጮች ያሉት እዚያ ነው። ገበሬ ናቸው፤ ራስጌው ከተመነጠረ ግርጌው እንደሚደርቅ ያውቃሉ። ስለ ብርቅዬ ወፍ ወይም ስለ ዓለም የአየር ንብረት ያን ጊዜ የሚያወራ አልነበረም።

ግን ውኃ ብቻ ነበር ብሎ መዝጋትም ይከብደኛል። ምንጭ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሲሶ መሬቱን አይተውም። ከስር የቆየ ልማድ አለ። ጆን ውልማን የሚባል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ አሜሪካዊ ኩዌከር ልብስ ሰፊ፣ ለውጭ ክብር ሲባል መሬትን ማራቆት በሚቀጥለው ትውልድ ላይ የሚፈጸም በደል ነው ሲል ጽፏል። በ1772 እንግሊዝን ሲዞር፣ ፈረሶቹ ያለ ዕረፍት ይገረፋሉ ብሎ በሠረገላ አልሄድም በማለት በእግሩ ነበር የሚጓዘው።

ኩዌከሮች ይህን ሐሳብ የሚጠሩበት ቃል በአማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «መጋቢነት» ይባላል። እኔ «አደራ» ይቀርበዋል ባይ ነኝ። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው በእጁ ነው፣ የእሱ ግን አይደለም። ሊጠቀምበት ይችል ይሆናል፣ ሊያጠፋው አይችልም። ባለቤቱ ሲመጣ ያስረክባል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የምንለውም ለዚሁ ነው።

የደመና ደን ማለትስ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ መኪናው ድንገት ጉም ውስጥ ሲገባ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሳይዘንብ መስታወቱ ይረጥባል። ወርዳችሁ ትንሽ ብትቆሙ ጋቢያችሁ ላይ ጥቃቅን ጠብታ ይደረደራል። ሞንቴቬርዴም ነገሩ ይኸው ነው። ዛፎቹ የጋቢውን ሥራ ይሠራሉ።

ከካሪቢያን ባሕር እርጥብ ነፋስ ይነሳል። ተራራው ሲገታው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ደመናው ደኑ ውስጥ ገብቶ ያልፋል። ቅጠሉ፣ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ጺም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ ዛፍ ላይ ተለጥፎ የሚያድገው ኦርኪድ፣ ሁሉም ጉሙን ያጠልላሉ። የተጠለለው ውኃ ተንጠባጥቦ መሬት ይገባል፣ ከመሬት ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ወንዝ። የኦርኪዱ ዓይነት ብቻ ከ400 በላይ ነው።

ይህ በተለይ በበጋ ይጠቅማል። ዝናብ በማይጥልባቸው ወራት ጉሙ ውኃ ይሰጣል። ዛፉ ከተቆረጠ ጉሙ መምጣቱን አያቆምም፤ የሚይዘው ስለሌለ ግን አልፎ ይሄዳል። ገበሬዎቹ በልምድ የገመቱትን ነገር ሳይንሱ ኋላ በዝርዝር አብራራው።

ታዲያ ዛፍ አልቆረጡም?

ቆርጠዋል። ከሲሶው ውጪ ያለውን ብዙ ቦታ ለከብት ግጦሽ መንጥረውታል። ሲደርሱ ሊኖሩ የሚችሉት በከብት ነበር። ወተት ደግሞ በዚያ ጭቃ መንገድ ቁልቁል እስኪወርድ ይበላሻል። ስለዚህ በ1953 አይብ ፋብሪካ አቋቋሙ። የእኛ ዓይነቱን ለስላሳ አይብ አይደለም፣ ፎርማጆ የምንለውን ደረቁን። ደረቅ አይብ ይቆያል፣ ክብደቱም ከወተት ያነሰ ነው። ፋብሪካው ለአካባቢው ገበሬዎች ሁሉ የወተት ገበያ ሆነ። ገበያ ሲኖር ደግሞ ግጦሽ ይሰፋል።

የአንዱ ሰው ታሪክ ነገሩን ፍንትው ያደርገዋል። ከአራቱ እስረኞች አንዱ ዊልፎርድ ጊንደን ነው። ዎልፍ፣ ተኩላ ማለት ነው፣ ይሉታል። የሞተር መጋዝ ይዞ ደን ይመነጥር ነበር፤ መጋዝም ይሸጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ፓወል የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ከባለቤቱ ከሃሪየት ጋር ወፎችን ለማጥናት መጣ። ጥናቱን ሳይጨርስ ደኑ እየተመነጠረና እየታደነበት መሆኑን አየ። ከጊንደን ጋር ተባበሩ። በ1972 የሞንቴቬርዴ የደመና ደን ጥብቅ ቦታ ተመሠረተ። መጋዝ ሻጩ የደኑ ጠባቂ ሆነ። መንገድ ጠረገ፣ አዳኝ አባረረ፣ ለአሥርተ ዓመታት በእግሩ ዞረው። በ2016 ሲሞት ከደኑ መንገዶች አንዱ በስሙ ይጠራ ነበር።

ይህን ሰው እንደ ጻድቅ ማቅረብ አልፈልግም። ግን ወህኒ ቤት የገባለትን እምነትና በመጋዝ የሚሠራውን ሥራ ሊያገናኛቸው ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል። አደራ የሚገባን አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ ዘግይቶ።

ደኑን አሁን ማን ይጠብቀዋል?

ኩዌከሮቹ ብቻቸውን አይደሉም። ሲሶው ዛሬም የእነሱ ነው። ለዚህ ሲሉ ቦስኬ ኤቴርኖ፣ ዘላለማዊ ደን፣ የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል። በ1970ዎቹ መሬቱን ለኮስታ ሪካው የትሮፒካል ሳይንስ ማዕከል ያከራዩት በዓመት በአንድ ኮሎን (የኮስታ ሪካ ገንዘብ ነው)፣ ለይስሙላ ያህል ነው። ማዕከሉ ከራሱ መሬት ጋር አገናኝቶ ያስተዳድረዋል። በጠቅላላው ከ4,000 ሄክታር በላይ ነው።

ከጎኑ ደግሞ የሕፃናት ዘላለማዊ ደን አለ። በ1987 ስዊድን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ደን እየጠፋ መሆኑን ተምረው «እኛ ገዝተን ብናድነውስ?» ብለው ጠየቁ። ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከ40 በላይ አገሮች ልጆች ተከተሏቸው። ዛሬ ከ22,000 ሄክታር በላይ ነው፤ በኮስታ ሪካ ትልቁ የግል ጥብቅ ቦታ። የሚያስተዳድረው በ1986 የተቋቋመው የሞንቴቬርዴ የጥበቃ ማኅበር ነው። ይኸው ማኅበር ከወተት ገበሬዎች ጋር ሆኖ በግጦሾቹ ዳር ነፋስ የሚያቆሙ ዛፎች አስተክሏል። ነፋስ የማያንገላታት ላም የተሻለ ትታለባለችና ገበሬውም ተጠቅሟል።

አጥሩ ይበቃል ወይ?

አልበቃም። ወርቃማው ጉርጥ የሚባል እንስሳ ነበር። ወንዱ ደማቅ ብርቱካንማ ነው፣ ቀለም የነከሩት ይመስላል። ለሳይንስ የተዋወቀው በ1966 ነው። በመላው ዓለም የሚኖረው በሞንቴቬርዴ ተራራ ጫፍ ላይ ባለች ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ቦታ ብቻ ነበር። ቦታዋ ደግሞ በጥብቅ ተይዛለች። በ1987 ከ1,500 በላይ ጉርጦች ለመራባት ኩሬ ላይ ተሰብስበው ታዩ። በ1989 አንድ ብቻ ታየ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። በ2004 ከምድር መጥፋቱ ተመዘገበ።

ማንም አልቆረጠበትም፣ ማንም አላደነውም። ተመራማሪዎች የሚያነሱት ሁለት ነገር ነው፦ የቆዳ ፈንገስ በሽታና ያልተለመደ ድርቅ። በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ተራራው ላይ ጉም የማይታይባቸው ቀናት እየበዙ ነበር። ደመናው ከፍ እያለ ነው። ቆላ ይኖሩ የነበሩ እንደ ቱካን ያሉ ወፎችም ወደ ላይ ወጥተው በደጋው ወፍ በኬትሳል ሰፈር ጎጆ መሥራት ጀምረዋል።

አጥር ሰውን ያግዳል፤ የአየር ሙቀትን አያግድም። ለብዙ ኩዌከሮች ጥያቄውም ከዚህ ወዲህ ሰፋ። በሚያዝያ 2012 ከዓለም ዙሪያ የመጡ ኩዌከሮች ኬንያ ውስጥ ካባራክ ላይ ተሰብስበው ባወጡት ጥሪ ሰላምና የምድር ፍትሕ አይነጣጠሉም አሉ። የወንዝ ውኃ ሲያንስ ጠብ ይመጣል፣ ጠብ ሲመጣ ደኑም ሰውም ይጎዳል። የሚጠበቅብንም ራሳችን ከምንጠቀምበት፣ ከምንበላውና ከምንነዳው ይጀምራል ማለታቸው ነው።

ዛሬስ መንደሪቱ እንዴት ናት?

ትልቁ ፈተና የእንግዳው ብዛት ሆኗል። ደኑ ታወቀ፣ ጎብኚ ጎረፈ። ሆቴል መጣ፣ ሱቅ መጣ፣ የመሬት ዋጋ ናረ። ወተት ከማለብ ይልቅ ጎብኚ ማስጎብኘት የሚያበላ ሆነ። የአይብ ፋብሪካው በ2013 ለአንድ የሜክሲኮ ኩባንያ ተሸጠ። ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዓመታት ኮረኮንች ሆኖ ሲቆይ ብዙ ነዋሪ አስፋልት እንዳይሆን ይመርጥ ነበር። መንገዱ ከተመቸ ሰው ይበዛል፣ ሰው ከበዛ ውኃው ያንሳል በሚል። ሌላው ደግሞ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ በዚያ መንገድ እየተንገጫገጨ መውረዱን ያነሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። መንገዱ አስፋልት የለበሰው በቅርብ ዓመታት ነው።

የጸሎት ስብሰባው ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ኩዌከር መሆን አይጠየቅም። እንግሊዝኛና ስፓንኛ ተናጋሪው አብሮ ይቀመጣል፤ የሚነሳ ሰው ሲኖር በመጣለት ቋንቋ ይናገራል። አብዛኛውን ሰዓት ግን የሚሰማው ከውጭ የሚመጣው ነፋስ ነው፣ ያው ጉሙን የሚያመጣው።